ስለ እንጨት ምድጃ ጢስ አቃጣይ አመረማመርና አጠራረግ



የጧፍ መብራት በእፍታ በጠፋ ጊዜ ከክሩ ራስ ላይ ቀጭን ነጭ ጢስ ወደ ላይ ይወጣል። በዚያን ጊዜ የበራ ክብሪት ከክሩ ሁለት ጣት ያህል ራቅ ብሎ ወደ ጢሱ ቢቀርብ፥ እሳቱ በጢሱ መንገድ ወርዶ የጠፋውን ጧፍ መልሶ ያበራዋል። ክሩን ማንም አልነካውም፤ የነደደው ጢሱ ነው። ሚካኤል ፋራዳይ የተባለው የእንግሊዝ ሊቅ በሎንዶን ከተማ ስለ ሻማ ለወጣቶች ባስተማረ ጊዜ ይህንኑ አሳይቶ ነበር። ማናቸውም መምህር ነፋስ በማይገባበት ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቹ ሊያሳየው ይችላል፤ በመጀመሪያው ባይሳካለት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ይሳካለታል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ጢስ ማለት ሳይነድ ያመለጠ ማገዶ መሆኑ ነው። ደረቅ እንጨት በእሳት በጋለ ጊዜ ከክብደቱ ከ10 እጅ 7 ወይም 8 እጅ ያህሉ ወደ ጋዝና ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ ከሰል ሆኖ የሚቀረው ጥቂቱ ነው። ያ ጋዝ በቂ ሙቀትና በቂ አየር ያገኘ እንደ ሆነ ነበልባል ይሆናል፤ ያላገኘ እንደ ሆነ ግን ጢስ ሆኖ ይሄዳል። እንግዲህ ባለቤቱ ቆርጦ፥ ፈልጦና ተሸክሞ ካመጣው እንጨት ከፊሉን አቃጥሎ ከፊሉን ለነፋስ ሰጠው ማለት ነው።

በዚህ ንግግር የሚነገረው ያን ያመለጠ ጢስ እንደ ገና ይዞ ስለሚያቃጥል አንድ መሣሪያ ነው። መሣሪያው ካታሊቲክ ኮምባስተር ይባላል፤ በአማርኛ ጢስ አቃጣይ ቢባል ሥራውን ይገልጸዋል። የሚገኘውም ክረምታቸው በረዶ በሆነ አገሮች፥ ይልቁንም በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታትና በካናዳ፥ ቤት ለማሞቅ በሚነድ የተዘጋ የብረት ምድጃ ውስጥ ነው። ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን በእነዚያ አገሮች ይኖራሉና፥ እንዲህ ያለ ምድጃ ወዳለበት ቤት የሚገባ የወንዝ ልጅ መኖሩ አይቀርም። አገር ቤት ላለውም ሰው ነገሩ ሩቅ አይደለም፤ የማዕድ ቤት ጢስ የእናቶችንና የሕፃናትን ዐይንና ሳንባ እንዴት እንደሚጎዳ ሁሉም ያውቃልና። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ በሚነድ ማገዶና በመሰለው ነገር ጢስ ምክንያት በ2020 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዓለም ላይ እንደ ሞቱ ገምቷል። (በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።)

የመሣሪያው ሥር ከብዙ ዘመን በፊት የተገኘ ነው። በ1817 ሃምፍሪ ዴቪ የሚባለው እንግሊዛዊ የጋለ የፕላቲን ሽቦ ጋዝና አየር በተቀላቀሉበት ዕቃ ውስጥ ቢያስገባ፥ ነበልባል ሳይታይ ሽቦው እንደ ፍም ቀልቶ ሲቈይ አየ። በ1823 ደግሞ ዶበራይነር የተባለው የጀርመን ሊቅ ሃይድሮጂን የሚባለውን ጋዝ በተፈረከሰ ፕላቲን ላይ ቢለቅበት ያለ ክብሪት ነደደ። የስዊድን ሊቅ ቤርዜሊዩስ በ1835 ለዚህ ኀይል ካታሊሲስ የሚል ስም አወጣለት። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ነገሩ ለፋብሪካዎች ሲያገለግል ቈይቶ፥ በ1975 አሜሪካኖች የአውቶሞቢልን ጢስ ለማጣራት በሰፊው ያዙት። በ1973 የነዳጅ ዘይት ዋጋ ስለ ናረ ብዙ ሰው ቤቱን በእንጨት ወደ ማሞቅ ተመልሶ ነበርና፥ ኮርኒንግ የተባለው የመስታወት ፋብሪካ ለአውቶሞቢል የሠራውን የሸክላ ወንፊት በ1970ዎቹ መጨረሻ ለእንጨት ምድጃ እንዲስማማ አድርጎ ሠራው። የአሜሪካ መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም በ1988 ለአዲስ ምድጃዎች ሁሉ የጢስ ልክ ደነገገ። ከ1990 ጀምሮ ጢስ አቃጣይ ያለው ምድጃ በሰዓት ከ4.1 ግራም የበለጠ የጢስ ትቢያ እንዳያወጣ ታዘዘ፤ ልኩም በ2020 ወደ 2 ግራም ዝቅ አለ።

አሁን ወደ መሣሪያው መልክ እንመለስ። ጢስ አቃጣዩ ሲታይ የማር እንጀራ ይመስላል። ሙቀት ከማይሰብረው ሸክላ ወይም ከስስ ብረት የተሠራ ሆኖ፥ ከፊት እስከ ኋላ የሚያሳልፉ ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። በቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ ፓላዲዩም ወይም ፕላቲን የሚባለው ውድ ማዕድን ዐይን ለይቶ እስከማያየው ድረስ ስስ ሆኖ ተቀብቷል። ጢስ ያለዚህ መሣሪያ እስከ 550 ወይም 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ካልጋለ አይነድም፤ የተቀባውን ማዕድን ነክቶ ሲያልፍ ግን በ260 ዲግሪ ገደማ መንደድ ይጀምራል። ማዕድኑ ራሱ አይነድም፥ አይጎድልምም። የተጣሉ ሁለት ወገኖችን አቀራርቦ ካስማማ በኋላ ከእርቁ ምንም ሳይካፈል ወደ ቤቱ የሚመለሰውን ሽማግሌ ይመስላል፤ አየሩና ጢሱ በእርሱ ፊት ይስማማሉ፥ እርሱ ግን እንደ ነበረ ይቈያል።

ከጢስ አቃጣዩ አጠገብ ማሳለፊያ የሚባል መዝጊያ አለ። እሳት በሚጫርበት ጊዜ ማሳለፊያው ክፍት ይሆናል፥ ጢሱም በቀጥታ ወደ ቧንቧው ይሄዳል። ምድጃው ከ260 እስከ 370 ዲግሪ ሙቀት ደርሶ ለ20 ደቂቃ ያህል ከነደደ በኋላ ማሳለፊያው ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ጢሱ በወንፊቱ ውስጥ ለማለፍ ይገደዳል። ቸኩሎ የዘጋ ሰው የቀዘቀዘ ጢስ በቀዘቀዘ ወንፊት ላይ ይለቅበታልና ቀዳዳዎቹን በቅጥራን ይደፍናቸዋል። ብዙው ብልሽት የሚመጣው ከዚህ ችኰላ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

የሚያስፈራው ነገር ጢስ አቃጣዩ ሥራ ሲያቆም ድምፅ አለማሰማቱ ነው። ምድጃው እንደ ወትሮው ይሞቃል፥ በመስታወቱም ውስጥ እሳቱ ይታያል። የቤቱ ጌታ እንጨት ከቀድሞው ይልቅ ቶሎ ቶሎ እያለቀበት ብርዱ ቢበረታ ነው ይላል። በዚህ ጊዜ ግን ያልነደደው ጢስ በቀዝቃዛው ቧንቧ ውስጥ ሲያልፍ ጥቍር ቅጥራን እየሆነ ይለጠፋል። ቅጥራኑ አንድ ሌሊት ከታች በተነሣ ብርቱ ነበልባል የተያያዘ እንደ ሆነ፥ ቧንቧው እንደ ወናፍ እያጓራ ይነዳል፤ ጣራውም አብሮ የሚነድበት ጊዜ አለ። ወንፊቱ በአመድ ተደፍኖ ጢሱ መውጫ ያጣ እንደ ሆነ ደግሞ ወደ ቤት ይመለሳል፤ ከእርሱም ጋራ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መልክም ሽታም የሌለው መርዝ ይገባል። ይህ መርዝ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። በአገራችንም በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎች የሚሞቱት በዚሁ መርዝ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ምድጃ ባለበት ቤት ሁሉ ይህን ጋዝ የሚያስታውቅ ደወል በመኝታው አጠገብ መኖር አለበት።

የመጀመሪያው ምርመራ መሣሪያ አይፈልግም፤ ወደ ደጅ ወጥቶ የቧንቧውን አፍ ማየት ብቻ ነው። ምድጃው በደንብ ጋሎ እሳቱ ሲበረታ፥ በመጀመሪያ ማሳለፊያው ክፍት ሆኖ ሳለ የሚወጣውን ጢስ ያዩታል። ከዚያ ማሳለፊያውን ዘግተው ጥቂት ቈይተው እንደ ገና ያዩታል። ጢስ አቃጣዩ ደኅና ከሆነ ጢሱ በግልጽ ይቀንሳል፤ ልዩነት ካልታየ ግን አንድ ነገር ጐድሏል። እንፋሎትንና ጢስን መለየት ያስፈልጋል። እንፋሎት ነጭ ነው፥ ከቧንቧው ጥቂት ከፍ ብሎም ፈጥኖ ይጠፋል። ጢስ ግን ወደ ሰማያዊና ወደ ዐመድማ መልክ ያደላል፥ ሳይበተንም በነፋስ እየተሳበ ሩቅ ይሄዳል። በብርድ ማለዳ እንፋሎቱን አይተው ደኅና የሆነውን መሣሪያ ነቅለው የሚጥሉ ሰዎች አሉና ይህ ልዩነት እንደ ቀላል ነገር ሊታለፍ አይገባውም።

ሁለተኛው ምርመራ በሙቀት መለኪያ የሚደረግ ነው። በጢሱ መግቢያና በጢሱ መውጫ በኩል ያለው ሙቀት ሲነጻጸር፥ ጢሱ በወንፊቱ ውስጥ የሚነድ ከሆነ የመውጫው ሙቀት ከመግቢያው እጅግ ይበልጣል። መለኪያው አንድ ብቻ ሆኖ በመውጫው በኩል የተተከለ ከሆነ፥ ማሳለፊያው ከተዘጋ በኋላ መርፌው ሲወጣ መታየት አለበት። ወንፊቱ መቅላቱን ብቻ ምልክት አድርጎ መያዝ ግን ያሳስታል። ጢስ ሲበዛ እንደ ፍም ይቀላል፤ እሳቱ ዝግ ሲል ግን ሳይቀላም ሥራውን ይሠራልና ጥቍር ሆኖ ስለ ታየ ሞቷል አይባልም።

ሦስተኛው በዐይን የሚደረገው ምርመራ ነው። ምድጃው ፈጽሞ በቀዘቀዘ ጊዜ፥ በአንድ የብርድ ወራት ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ፥ ወንፊቱ በቦታው እንዳለ በባትሪ መብራት ይታያል። ያለ ምክንያት ማውጣት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም፤ ሸክላው በነደደ ቍጥር እየደከመ ስለሚሄድ በእጅ ጭብጥ ብቻ ሊፈረካከስ ይችላልና። ጭረት የመሰለ ቀጭን ስንጥቅ ቢገኝበት፥ ወንፊቱ አንድ ሆኖ እስከ ቆመ ድረስ አያሠጋም። ቍራሽ ወድቆለት ቀዳዳ የተከፈተበት ወይም የተቀባው ማዕድን እየተላጠ የረገፈ እንደ ሆነ ግን ጢሱ ሳይነድ በዚያ ያመልጣልና መለወጥ ያስፈልገዋል።

ወንፊቱን የሚያበላሹት ነገሮች ምክንያታቸው ልዩ ልዩ ነው። አመድ በላዩ ሲከመር ማዕድኑን ይሸፍነዋል፤ ይህም የሽማግሌውን ጆሮ በጥጥ እንደ መድፈን ያለ ነው፥ ጥጡ ሲወጣ መስማቱ ይመለሳል። ቀለም የተቀባ ሳንቃ፥ ፕላስቲክ፥ ባለ ቀለም ወረቀት፥ የድንጋይ ከሰልና የቤት ጥራጊ የተቃጠለበት እንደ ሆነ ግን በውስጣቸው ያለው እርሳስ፥ ዚንክና ድኝ ከማዕድኑ ጋራ ይጣበቃል። ይህ መሸፈን ሳይሆን መመረዝ ነው፥ ከብዙው መርዝም መዳን የለም። እርጥብ እንጨት በጋለ ወንፊት ፊት የተጨመረ እንደ ሆነ እንፋሎቱ ሸክላውን በድንገት አቀዝቅዞ ይሰነጥቀዋል። በር ሳይዘጋ የሚነድ ብርቱ እሳትም ነበልባሉ ወንፊቱን እየላሰ ከ980 ዲግሪ በላይ ሲያደርሰውና በዚያ ሙቀት ሲያቈየው፥ የተበተነው ማዕድን ተቀላቅሎ ይጓጉላል፥ ኀይሉም ይቀንሳል።

ስለ እንጨቱ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ለዚህ ምድጃ የሚስማማው እንጨት ከክብደቱ 20 ከመቶ በታች ውሃ የቀረበት ነው። ይህም የሚገኘው ተፈልጦ፥ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ተደርድሮ፥ ከላይ ተከድኖ ከጎን ነፋስ እየመታው ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት፥ ጽኑ እንጨት ከሆነም ከዚያ በላይ በቈየ ጊዜ ነው። የደረቀው ፍልጥ እርስ በርሱ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ እርጥቡ ግን ድፍን ያለ ድምፅ አለው። ይህን ለገበሬ ማስተማር ሳያስፈልግ አይቀርም ማለት አይቻልም፤ ገበሬው ከሁሉ በፊት ያውቀዋልና።

አጠራረጉ እንዲህ ነው። እሳቱ ጠፍቶ ምድጃው እስኪበርድ ድረስ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይጠበቃል፤ ፍም በአመድ ውስጥ ተሸሽጎ ብዙ ሰዓት ይቈያልና አመዱን ሳያገላብጡ ቀዝቅዟል ማለት አይገባም። አመዱ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ተጠራቅሞ ከቤት ውጭ ይቀመጣል። የሚጠርገው ሰው አፍንጫውንና አፉን ይሸፍናል፥ ጓንትም ያጠልቃል። ወንፊቱን ማውጣት ካስፈለገ የምድጃው መጽሐፍ በሚያዝዘው መንገድ በሁለት እጅ ከጫፍና ከጫፍ ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ይስበዋል፤ እምቢ ቢለው በጉልበት አይታገለውም፥ በመዶሻም አይመታውም። ከዚያም በንጹሕ ወረቀት ላይ አስቀምጦ እንደ ቀለም መቀቢያ ያለ ለስላሳ ብሩሽ ፊቱንና ጀርባውን ይጠርጋል። አቧራ በሚስብ መኪናም ላዩን መሳብ ይቻላል፤ ነገር ግን አንዲት የፍም ፍንጣሪ ያለች እንደ ሆነ መኪናውን ታቃጥለዋለች። የሽቦ ብሩሽ፥ ቢላዋ፥ ምስማር ወይም በኀይል የሚነፋ አየር ከቶ ሊነካው አይገባም፤ ከአመዱ ጋራ ውዱን ማዕድን ገፍፎ ይወስደዋልና።

ብዙውን ጊዜ ይህ ይበቃል። ተጠርጎ ተመልሶም ጢሱ ያልቀነሰ እንደ ሆነ፥ የሸክላ ወንፊት የሆነና ሠሪው የፈቀደ እንደ ሆነ ብቻ፥ በኮምጣጤ ይታጠባል። ነጭ ኮምጣጤና በእንፋሎት የተነጠረ ውሃ እኩል ለእኩል ተቀላቅሎ ወንፊቱን እስኪሸፍነው ድረስ በማይዝግ ድስት ይደረጋል፥ ለ30 ደቂቃ ያህልም በዝግታ ይንተከተካል። ከዚያ ያ ውሃ ተደፍቶ፥ ወንፊቱ በአዲስ የተነጠረ ውሃ 15 ደቂቃ፥ ውሃው ተለውጦ እንደ ገና 15 ደቂቃ ይፈላል፤ ኮምጣጤው የሟሟው አመድ በውስጡ እንዳይቀር ነው። የቧንቧና የጕድጓድ ውሃ የማይወሰደው በውስጡ ያለው ጨው ሲደርቅ ቀዳዳዎቹን ስለሚለብሳቸው ነው። ሳሙናም አይገባበትም። ያ ድስት ከእንግዲህ ወዲህ ምግብ አይበስልበትም፤ የኮምጣጤው ሽታም ቤቱን ሁሉ ስለሚሞላ ሥራው ከቤት ውጭ ቢሠራ ይሻላል። የታጠበው ወንፊት በ150 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሰዓት ያህል ይደርቃል። ሳይደርቅ ወደ እሳት የገባ እንደ ሆነ በቀዳዳዎቹ የቀረው ውሃ በድንገት እንፋሎት ሆኖ ይሰነጥቀዋል፥ ድካሙም ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ወንፊቱ ሲመለስ በዙሪያው ያለው ማሸጊያ ጋስኬት መታየት አለበት። ይህ ማሸጊያ በመጀመሪያው እሳት አብጦ ክፍተቱን የሚደፍን ነው፤ አንድ ጊዜ ካበጠ በኋላ ተቀድዶ ቢገኝ በአዲስ ይለወጣል። ማሸጊያው የጐደለበት ወንፊት ንጹሕም ቢሆን አይጠቅምም፤ ጢሱ በቀዳዳዎቹ ማለፍን ትቶ በጎኑ ያመልጣልና። በዚያው ጊዜ ማሳለፊያው ጥብቅ ብሎ መዝጋቱን፥ የቧንቧውም ቅጥራን በቧንቧ ብሩሽ መጠረጉን ያያሉ።

አንዳንድ አስተዋይ ተማሪ ይህ ወንፊት በጉልቻችን ላይ ቢቀመጥ ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ አይሆንም ነው። ጉልቻ ከየአቅጣጫው አየር ይገባበታል፥ ጢሱም ወንፊቱን ሳያገኝ ቀዝቅዞ ይበተናል። ኩበቱና ቅጠሉም በአመዱ ብዛት ቀዳዳዎቹን ፈጥኖ ይደፍናቸዋል። ለማዕድ ቤታችን የሚቀርበው መንገድ እሳቱን መሰብሰብ ነው፤ በ1990ዎቹ በአገራችን ለእንጀራ መጋገሪያ የተዘጋጀው ምርጥ ምድጃ በምጣዱ ዙሪያ እሳቱን አጥሮ ማገዶ የሚቈጥበው በዚህ መንገድ ነው። ከጢስ አቃጣዩ ወደዚህ የሚሻገረው ማገዶን ማድረቅና የጢስን መልክ ማንበብ ነው።

ጢስ አቃጣይ በደንብ ቢያዝም ለዘላለም አይኖርም፤ ዕድሜው ከ10,000 እስከ 12,000 ሰዓት ያህል ነው። ይህ ለሒሳብ ትምህርት የሚስማማ ጥያቄ ነው። ምድጃው በብርድ ወራት 150 ቀን ሌትና ቀን ቢነድ በዓመት 3,600 ሰዓት ይሆናል፤ እንግዲህ ሦስት የብርድ ወራት 10,800 ሰዓት ናቸው። በማታ ብቻ ስድስት ስድስት ሰዓት የሚያነድ ሰው ግን በዓመት 900 ሰዓት ብቻ ይጨርሳልና ከዐሥር ዓመት በላይ ሊቈይለት ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለቤት ወንፊቱ የገባበትን ቀን፥ የተጠረገበትን ቀንና በእያንዳንዱ ምርመራ ያየውን በአንድ ደብተር ይጽፋል። ከዚያም ደረቅ ፍልጥ ጨምሮ፥ ማሳለፊያውን ከፍቶ፥ እሳቱን ይጭራል፤ መርፌው ወደ ልኩ እስኪወጣ ይታገሣል፥ ማሳለፊያውን ይዘጋል፥ ጋቢውንም ደርቦ የቧንቧውን አፍ ለማየት ወደ ደጅ ይወጣል።